ኮላች የበላበት ፖልካ

ኮላች መኖውን አሸተተ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና ተኛ። እኔ ከመስታወቱ ውጭ ቆሜ በንዴት ልፈነዳ ደረስኩ።

ኮላች ወይፈን ነው። ስሙን ያወጣለት አባቴ ነው፤ ጥጃ ሳለ ኩሽናችን ገብቶ አንድ ትሪ ሙሉ ኮላች፣ ያን በፕለም የተሞላ ጣፋጭ ዳቦ፣ ጠራርጎ በልቶብናል። አሁን ጎርምሶ ዩኒቨርሲቲያችን የመለኪያ ክፍል ውስጥ ተዘግቶበታል። ክፍሉ አየር የሚገባበት አንድ ቧንቧ፣ የሚወጣበት አንድ ቧንቧ አለው። ወይፈኑ ምን ያህል ኦክስጅን እንደሳበ፣ ምን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሚቴን እንዳስወጣ ለክተን፣ ከበላው ስንቱ ሥጋ እንደሆነ፣ ስንቱ ሙቀት ሆኖ እንደባከነ እናሰላለን። ፋንድያውም ይመዘናል፤ እሱን እንኳ ተዉት።

ለጥናቴ ከምለካቸው ወይፈኖች የቀረኝ እሱ ብቻ ነበር። ከበላ ጥናቴ አለቀ፤ ትምህርት ሲከፈት ካንሳስ መምህርት ነኝ። ካልበላ ልኬቱ የጾመኛ ከብት ልኬት ይሆናል፤ ሥራው ለሌላ ሰው ይሄዳል፤ እኔም ሌላ ዓመት ፋንድያ ስመዝን እከርማለሁ። ገብቼ እንዳላባብለው፣ በሩ ከተከፈተ የቀኑ ልኬት ተበላሸ።

«ይሄ ናፍቆት ነው» አለ የበረቱ ኃላፊ ዌስ፣ የሱፍ ፍሬ እየፈለጠ።

«ዳና፣ እቤት ሳለ እንዴት ነበር የሚበላው?» አሉ አማካሪዬ ፕሮፌሰር ሃቨርካምፕ።

አፈርኩ። «አባቴ መኖ ሲሰጠው አኮርዲዮን ይጫወትለት ነበር።»

«ምን ምን?»

«ፖልካ፣ የመንደራችንን ጭፈራ።»

ዌስ የሱፍ ፍሬው ትን አለው። ፕሮፌሰሯ ግን ፍንክች አላሉም። «ታዲያ ምን ትገተሪያለሽ? ደውዪላቸዋ!»

የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ደወልኩ። አባቴ ላዲስላቭ የእሁድ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ አኮርዲዮኑን አቅፎ ከመንደራችን ከዊልበር ከች አለ። እኔን ሰላም ሳይል መስታወቱን አንኳኳ።

«አንተ ሆዳም! ሰው ፊት ታዋርደኛለህ እንዴ?»

ከዚያም ጀመረ። ኮላች መጀመሪያ አንድ ጆሮውን አቆመ። ቀጥሎ ብድግ አለ። አንገቱን ገንዳው ውስጥ ሲቀብር እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ዌስ የፕሮፌሰሯን እጅ ይዞ አሽከረከራቸው፤ እሳቸውም በዚያ በጎማ ቦት ጫማቸው ወለሉን ቀጠቀጡት። ብቻዬን ቆሜ ላያቸው አልቻልኩም፤ ገባሁበት። አባቴ እየተጫወተ ይጨፍራል፣ እየጨፈረ ይጮሃል፤ ሁላችንም እናለከልካለን። እንዲህ ስቄ አላውቅም።

ድንገት ዓይኔ ስክሪኑ ላይ አረፈ። የካርቦኑ መስመር ሽቅብ እየወጣ ነው።

«ቁሙ! ወይፈኑ ታመመ! እየነደደ ነው!»

አኮርዲዮኑ ቀጥ አለ። የአባቴ ፊት ጠቆረ። «እኔ ነኝ የጎዳሁት?»

ኮላች ግን ያለ ሐሳብ ያኝካል። ፕሮፌሰሯ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠብቀው ጣታቸውን ወደ ላይ ቀሰሩ።

«ዳና፣ የት ነው የቆምነው?»

ቀና አልኩ። ከራሳችን በላይ አየር የሚያስገባው ቧንቧ አፉን ከፍቷል። አጠገቡም በገዛ እጄ በቀይ የጻፍኩት ማስታወቂያ አለ፤ «እዚህ መቆም ክልክል ነው!» አራት ሰው በትንፋሹ ወይፈኑን ሲያጥነው ቆይቷል! «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የሚባለው ለካ ለኛ ነው።

«አበቃልኝ» አልኩ።

«የሚገባውንም አየር እንለካለን እኮ፤ ደስታ ነው ያስረሳሽ?» አሉና የገባውን ከወጣው ቀነሱት። ስክሪኑ ላይ የወጣው ጉብታ ጠፋ። የኮላች መስመር ዝርግ አለ፤ ምንም የማያውቅ፣ መብላቱን ብቻ የያዘ ከብት። ገንዳውንም ልሶ ጨርሷል። አባቴን አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ ሳምኩት።

«እንግዲህ አኮርዲዮኑን ልሸክፍ?» አለ።

«የማታውን መኖ ማን ሊያበላልን ነው?» አሉ ፕሮፌሰሯ። «ብቻ ጭፈራው ወደዚያ፣ ወደ በሩ!»

ዛሬ ካንሳስ፣ ቢሮዬ ግድግዳ ላይ የሰቀልኩት ዲግሪዬን ሳይሆን ያንን ጉብታ ያለበትን መስመር ነው። ተማሪዎቼ አፍጥጠው ያዩትና «ይሄ የየትኛው ከብት ነው?» ይሉኛል።

«አራት ናቸው» እላለሁ። «አንዱ አኮርዲዮን ይጫወታል።»