የመጋዘኑ አፍንጫ

ባሌ ድሮ ማባያዬን ሲያይ ይሸሽ ነበር። ቀይ ቃሪያ በነጭ ሽንኩርትና በአቼቶ ፈጭቼ ጠርሙስ ስሞላ፣ መስኮቱን በርግዶ "አንቺ ሴትዮ፣ ልትፈጂን ነው?" ይለኛል። ከስምንት ወር በፊት ክፉ ጉንፋን ከያዘው ወዲህ ግን ነገሩ ተገለባበጠ። እንቁላል ላይ፣ ሩዝ ላይ፣ ደረቅ ዳቦ ላይ ሳይቀር ያንዠቀዥቀዋል። ላቡ ጠብ ጠብ እያለ "ጨምሪ!" ይላል። እኔ ሞኟ፣ በስተርጅና እጄ ጣፈጠው ብዬ ለጎረቤቱ ሁሉ ጉራዬን ነዛሁ።

የሚሠራው የማብሰያ ጋዝ መጋዘን ውስጥ ነው። ባልደረቦቹ "አፍንጫው" ይሉታል። ጠዋት በሩን የሚከፍተው እሱ ነው፤ ጨለማው ውስጥ ቆሞ ያሸታል፣ የሚያፈስ ሲሊንደር ከሌለ "ግቡ" ይላል፣ ያኔ መብራት ይበራል። ከሚገቡት አንዱ ታናሽ ወንድሜ ነው፤ የሁለት ልጆች አባት።

እሁድ ጠዋት ቁም ሳጥኑ ጥግ የተረሳ የማባያ ጠርሙስ አገኘሁ። ስከፍተው፣ ወይኔ! የሞተ አይጥ በስንት ጣዕሙ። ልደፋው ጠረጴዛው ላይ እንዳስቀመጥኩት በሩ ተንኳኳና ወጣሁ። ስመለስ ባሌ ግማሹን እንቁላሉ ላይ ገልብጦ ይበላል።

"ዛሬስ ተጠበብሽበት!" አለኝ።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ ግን ነገሩ ገባኝ።

"አንተ፣ ሽታው አይሰማህም?"

ሹካውን አስቀመጠ። "ከጉንፋኑ ወዲህ ምንም አይሸተኝም። ዳቦውም ሥጋውም ካርቶን ሆኖብኛል። የቀረኝ ማቃጠሉ ብቻ ነው።"

"መጋዘኑንስ?"

"ትንሽ እቆምና... 'ግቡ' እላለሁ።"

ደሜ ፈላ። "ስምንት ወር ሙሉ? ወንድሜን? የእነዚያን ሕፃናት አባት?"

"ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ነው የቀረኝ። ብናገር ጉሮሮዬን ይዘጉብኛል። ደግሞስ አፍንጫው የሚሉኝ ሰውዬ ምን ብዬ ልንገራቸው?" አለና አንገቱን ደፋ።

አንጀቴን በላው። ግን አለቀቅኩትም። "ነገ በሩን ሳትከፍት ትነግራቸዋለህ። አለዚያ እኔ ለወንድሜ እደውላለሁ" አልኩት።  በማግስቱ ጠዋት ያንን የበሰበሰ ማባያ ክዳኑን ጥብቅ አድርጌ ከምሳው ጋር ከተትኩለት። "አፍህ ከተሳሰረ ይሄን ክፈትላቸው።"

የዚያን ቀን ሥራ የሚባል አልያዝኩም። ስልኩን አነሣለሁ፣ አስቀምጣለሁ። ከቀትር በፊት መጣ። ከወገቡ የማይጠፋው የመጋዘኑ ቁልፍ የለም።

"መናገር አቃተኝ" አለ። "ጠርሙሱን በሩ ላይ ከፈትኩት። ሁሉም አፍንጫቸውን ይዘው ወደ ኋላ ሸሹ። 'ጋሼ፣ ድፋው እንጂ!' ይለኛል ወንድምሽ። እኔ ዳቦዬን ነክሬ ጎረስኩ። ያኔ ገባቸው።"

"ከዚያስ?"

"ቁልፉን አውልቄ ለወንድምሽ ሰጠሁት። አለቃው ለጊዜው ቤት ዋል አለኝ። ስለ በኋላው ምንም አላለኝም።"

ሩዝ አቀረብኩለት፣ አዲሱንም ማባያ። ጠርሙሱን አልነካውም።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ?" አለ። "ቤታችን አሁን ምን ምን ይሸታል?"

"ማባያ ማባያ" አልኩት።

"መስኮቱን ክፈቺዋ ታዲያ፣ አንቺ ሴትዮ።"

ሄጄ ከፈትኩለት። ፊቴን እንዳያየው እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።