የግድግዳው ከበሮ

በተከታታይ ድራማ ሽጉጥ ሲደግን ንቅንቅ የማይለው ተዋናይ፣ ያለ አሳታሚ ለብቻው የሠራውን የመጀመሪያ አልበሙን ኢንተርኔት ላይ ሲለቅ ቁልፉን የተጫነው ዓይኑን ጨፍኖ ነው። ጊታሩ ተገልብጦ የሚጮህበት፣ ዘፋኙ ውሃ ውስጥ ሆኖ የሚያዜም የሚመስልበት ሳይኬደሊክ ፖፕ የሚባል የሙዚቃ ዓይነት ነው። መኝታ ቤቱ ውስጥ ሲቀዳ፣ ጎረቤቱ እትዬ «ኧረ አሳርፈን!» እያሉ ግድግዳውን በመጥረጊያ እንጨት ሲደበድቡ ከርመዋል። ድብደባው አብሮ ተቀድቶ ከዘፈኑ አልወጣ ቢለው ከበሮ አደረገው።

በደስታ እግሩ መሬት አልነካ ብሎት ክፍሉን ሲዞር በሩ ተንኳኳ። እትዬ ናቸው፣ ከነመጥረጊያቸው።

«ልጄ በስልኳ አሰማችኝ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ድው ድው የሚለው የኔ አይደል?»

«ይቅርታ እትዬ፣ እኔ...»

«የምን ይቅርታ! ለምን ድምፁን ቀነስከው?»

ድምፁን ሊጨምር ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ።

«ለሁለተኛው አልበም» አሉ እትዬ መጥረጊያውን እየወዘወዙ፣ «ዘነዘና ይዤ እመጣለሁ!»