የተውሶ ዜማ

ልብስ ሰፊው ወልደዮሐንስ ከሰው ጋር ሲያወራ ምላሱ እግር ያወጣል፤ ባለወሬው ወደሄደበት ይከተላል። ለሲዳማ ሴት ቀሚስ ሲለካ አነጋገሩ የሲዳማ ነው። የስፌት መኪናውን በረንዳው ላይ ካስጠጋለት ከጉራጌው ጨርቅ ነጋዴ ከሸምሰዲን ጋር ሻይ ሲጠጣ ደግሞ ትናንት ከጉራጌ አገር የመጣ ይመስላል። ራሱ አይሰማውም። ሲነግሩት «እኔ? በል ተወኝ!» ይላል፤ እሷንም በነጋሪው ቃና። የዲላ ከተማ ይህን ችላ ነው የምታኖረው። ደንበኛው ይስቃል፣ ሱሪውን ይቀበላል፣ ይሄዳል።

ጣጣው የመጣው ባጃጅ ከተማውን ባጥለቀለቀበት ሰሞን፣ የሟች ወንድሙ ልጅ ታሪኩ ሚስት ላግባ ያለ ጊዜ ነው። ልጅቷ ኤልቤቴል ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው የጪጩ መምህር የአቶ እንድርያስ ልጅ ናት። አቶ እንድርያስ ጌዴኦ ናቸው፣ ጴንጤ ናቸው፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ከተማ ሲማሩ፣ ለማንበብ በተነሱ ቁጥር ክፍሉ በአማርኛቸው ይስቅ ነበር። ያንን ሳቅ አልረሱትም።

በደንቡ ለታሪኩ አፍ የሚሆነው አጎቱ ነው። ወልደዮሐንስ ሸምሰዲንን ይዞ ጪጩ ሄደና ደጅ ላይ «ሳይፈቀድልን አንቀመጥም» አለ። አቶ እንድርያስ «ከሁሉ በፊት እንጸልይ» ብለው፣ ቃሉን እየሳቡ፣ መጨረሻውን እያነሱ ጸለዩ። በማርያም እየማለ ያደገው ወልደዮሐንስ በመሐል በመሐሉ «አዎን ጌታ!» ይል ጀመር፤ በዚያው ዜማ፣ እዚያው ላይ እያነሳ። ሲያበቁም «ሃሌሉያ!» አለ፣ ከጸሎቱ ባለቤት ይልቅ አስረዝሞ።

ሸምሰዲን በክርኑ ጎሸመው። ምን ያደርጋል፣ ወጥቷል።

«በአማርኛዬ የሳቁብኝን ይቅር ብያለሁ» አሉ አቶ እንድርያስ። «በጸሎቴ የሚቀልድ ግን ልጄን አይወስድም። በሰላም ወደ ቤታችሁ ግቡ።»

ባጃጅ ውስጥ ሸምሰዲን ራሱን ያዘ። «አንተ ሰው፣ ምን ነካህ?»

«ኧረ ምን አደረግሁ?»

«ይኸው! አሁን ደግሞ እኔን ሆንክ!»

ታሪኩ ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። «ጋሼ፣ ሌላ ሽማግሌ ብንልክስ? ወይ እርስዎ ዝም ብለው ቢቀመጡ?»

«ሌላ ሰው ከተላከማ ቀልዷል ተብሎ ተፈረደብኝ ማለት ነው። ልጅቷም ዕድሜዋን ሙሉ በአባቷ ላይ ያሾፈ ሰው ቤት ገባች ትባላለች። ስፌት ሲጣመም የሰፋው ነው የሚተረትረው።»

ምላሱን ሊገራም ሞከረ። በደንበኛ ፊት መርፌ በከንፈሩ ይዞ በ«አዎ» እና በ«አይ» ብቻ ይመልስ ጀመር። አዎውም የደንበኛው ሆነ።

በመጨረሻ ብቻውን ጪጩ ሄዶ አጥሩ ሥር ቆመ። ዝናቡ ወረደ። ኤልቤቴል ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች።

«ጋሼ፣ አባባ አላናግርም ብሏል። ቢያንስ ገብተው ይጠለሉ።»

«ሳይፈቀድልኝ አልቀመጥም ብያለሁ፣ ልጄ። ዝናብ ደንብ አይሽርም።»

አቶ እንድርያስ ዝናቡን ቢጠብቁት አላባራ፣ ሰውየውን ቢጠብቁት አልሄደ። ወጡ።

«አንድ የገበያ ቀን በረንዳዬ ላይ ይዋሉና ይዩኝ» አላቸው፣ ከራሱ ውሃ እየተንጠባጠበ። «ሲመሽ ቀልደሃል ካሉኝ፣ ሁለተኛ ደጅዎን አልረግጥም።» ይችንም ያለው በእሳቸው ዜማ ነበር። አቶ እንድርያስ ጥርሳቸውን ነከሱ። ይሁንና መምህር ሳያርም ዜሮ አይሰጥም፤ በገበያው ቀን መጡ።

አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ዋሉ። ከአለታ ወንዶ የመጣች ሴትዮ በወልደዮሐንስ አፍ ውስጥ አገሯን አግኝታ መርቃው ሄደች። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መጣ፤ «ፋዘር፣ ሱሪዋ ጠበብ ትበል፣ ይመችህ!» ቢለው፣ ሽበታሙ ሰውዬ «ችግር የለም፣ ፏ ትላለህ!» አለ። አቶ እንድርያስ ሳል አስመስለው አፋቸውን ሸፈኑ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ «እስቲ ንገረኝ» አሉት፤ አንቱታው የት እንደቀረ እንጃ። «የራስህ አነጋገር የቱ ነው?»

የስፌት መኪናው ቆመ። የእናቱን፣ የመንዟን ሴት ዜማ ፈለገው፤ አጣው። ምላሱ ከተፈታ ወዲህ ሲደነግጥ ገና ዛሬ ነው።

«እርስዎ አጠገቤ ተቀምጠው እንዴት ብዬ ልወቀው?» አለ፣ ጥርት ባለ የጪጩ ዜማ።

አቶ እንድርያስ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ግን ሳቅ ነበር። እንባቸውን ጠረጉ። «ቅዳሜ ኑ። ጸሎቱን አንተ ትጀምራለህ፤ ካንተ በፊት ማንም ትንፍሽ አይልም። የማን ድምፅ እንደሚወጣ እናያለን።»

ቅዳሜ ሁሉም ዝም ብሎ ቆመ። ሸምሰዲን ሰላምታውን በእጁ ብቻ ሰጠ። የሚባለው አባታችን ሆይ ነበር፤ ሁለቱም ቤተ ክርስቲያን የሚያውቀው። ወልደዮሐንስ ዐይኑን ጨፈነ። የሚከተለው ሰው የለም። የመጀመሪያው ቃል ተንቀጠቀጠ፤ ሁለተኛው በጨለማ የገዛ ቤቱን በር እንደሚዳብስ ሰው ሆነ፤ ከዚያ ተገኘ። እናቱ በማለዳ እየቀሰቀሰች የምትለው ያ የመንዝ ዜማ፣ ዝግ ብሎ፣ ምንም ሳይሸራረፍ እስከ መጨረሻው ዘለቀ።

«አሜን» አሉ አቶ እንድርያስ።

ሸምሰዲን ዐይኑን ገለጠ። ያ አሜን የጪጩ አልነበረም፤ ጥርት ያለ የመንዝ ነበር። ኤልቤቴል ከጓዳው በር ላይ ከንፈሯን ነከሰች። ሰውየው ራሳቸው አልሰማቸውም።

«በሉ ተቀመጡ» አሉ። «ምን ይዛችሁ መጣችሁ?»