ከመቶ በላይ

"ያዥልኝ! ያዥልኝ! እጄ ተቃጠለ!"

ሚስትየው የያዘችውን የሰው ሱሪ ከነመርፌው ጥላ ሮጠች። ባሏ ትልቁን ድስት በሁለት ጨርቅ አቅፎ፣ በማጥለያ በኩል ወደ ሌላ ድስት ሊገለብጠው ሲታገል ነበር። አንዱን ጆሮ ያዘችለት። ቡናማው ትኩስ ውሃ እየተንዠቀዠቀ ወረደ፤ የተቀቀለው ብቅል ማጥለያው ላይ ተቆልሎ ቀረ። ወጥ ቤቱ በእንፋሎት ታፈነ።

"በቃ?" አለችው።

"በቃ። አሁን መለካት ነው።"

መለካት ዱሮም ሥራው ነበር። ከግቢ ግቢ እየዞረ የውሃ ቆጣሪ ሲያነብ ስለኖረ ሰፈሩ የሚያውቀው "ቆጣሪው" በሚል ስም ነው፤ ውሾቹ ሳይቀሩ ለምደውት ነበር። ከዚያ መሥሪያ ቤቱ ንባቡን ራሱ በአየር የሚልክ አዲስ ቆጣሪ አስገጠመ። ሰውየው ከሥራው ተነሣ፣ ስሙ ግን አልተነሣለትም። ከዚያ ወዲህ ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘችው ሚስቱ ናት፤ የሰው ሱሪ እያሳጠረች፣ የሰው ዚፕ እየቀየረች።

ሥራ ፈትቶ ከመቀመጥ ብሎ ቢራ መጥመቅ ጀመረ። ከብቅል ተጨምቆ በቆርቆሮ ታሽጎ የሚሸጠውን ወፍራም የብቅል ማር በውሃ እያፈላ የጠመቀው ቢራ ሰመረለት። መንገድ ማዶ ያለው የመጠጥ ቤት ባለቤት ቀምሶ ከንፈሩን ላሰና፣ "በየሳምንቱ እወስድልሃለሁ፤ በዚህ ዋጋ ግን አልችልም" አለው። ዋጋውን ሰማይ የሰቀለው የቆርቆሮው ማር ነው። ማሩን ትቶ ከራሱ ከእህሉ ቢነሣ ዋጋው በግማሽ ይወርዳል፤ እህሉ በውስጡ ያለውን ስኳር ለውሃው ከሰጠ። ጭንቁ ሁሉ ያለው እዚህች "ከሰጠ" ላይ ነው። እህሉ ውስጥ ያለው ስኳር መቶ ቢባል ቢያንስ ሰባው መውጣት አለበት። ከዚያ ካነሰ ትርፉ ድካም ነው። ቆጣሪው ከእህል ሲጠምቅ ዛሬ የመጀመሪያው ነው፤ የመጨረሻውም ሊሆን ይችላል።

የሚስቱ ታላቅ ወንድም ሌላ ከተማ ውስጥ መጋዘን አለው። ዘበኛው ስለለቀቀበት ሥራውን ለአማቹ ሰጥቶታል፤ ከመጋዘኑ ጀርባ ካለው ቤቱም አንድ ክፍል ጨምሮለታል። ደግ ሰው ነው። ደግነቱን ግን ቀን በቀን፣ በተለይ ማዕድ ላይ፣ ማስታወስ ይወዳል። "ሥራውን የሚፈልግ ልጅ ደጅ እየጠናኝ ነው፤ ዛሬ በሰፈራችሁ ሳልፍ ቁርጡን ንገሩኝ" ብሎ ነበር። ባልና ሚስት ተማከሩ። ሰባ ከመጣ እዚሁ ይኖራሉ፤ ካልመጣ ዕቃቸውን ይጠቀልላሉ። ሚስትየው የወንድሟን ቤት አሳምራ ታውቀዋለች፤ ያደገችው እዚያ ነው። አንድ ቀን እንኳ ጠግባ በላሁ ብላ አታውቅም፣ ምግብ ጠፍቶ ግን አይደለም።

ቆጣሪው ረጅሙን ጠባብ ብርጭቆ በሚጨሰው ውሃ ሞላና መለኪያውን ጣለበት። መለኪያው አንገተ ረጅም የመስታወት ዕቃ ነው። ውሃው ስኳር ከበዛበት መለኪያው ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል፤ ካነሰበት ይሰምጣል።

ሰመጠ።

ቆጣሪው ጎንበስ ብሎ መሥመሩን አነበበ፤ በስልኩ ሒሳቡን መታ፤ ደግሞ መታ።

"ስንት ሆነ?" አለች ሚስትየው።

"አርባ አምስት።"

"ከመቶ?"

"ከመቶ ነዋ፣ ከስንት ሊሆን ነው!"

"አትቆጣኝ እንጂ። ምኑ ነው የጎደለው?"

"ስኳሩ! ሌላ ምን ይጎድለዋል? እህሉ ስኳሩን ጨብጦ ቀረ።"

አተላውን በባልዲ ሞልቶ ወደ ቆሻሻ መጣያው ወረደ። ባልዲውን ገልብጦም ወዲያው አልተመለሰም፤ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ሲወርዱ ሲወጡ ሰላም የሚሉትን ጎረቤቶች በአገጩ እየመለሰ ቆየ።

የሚስቱ ወንድም ያገኘው እዚያው ነው።

"አማቼ! ምነው፣ ለቅሶ ቤት ነው እንዴ የመጣሁት?"

"አልሆነም፣ ጋሼ።"

"እኔስ ብዬ ነበር። ቢራ በፋብሪካ እንጂ በወጥ ቤት!" አለና ትከሻውን መታ መታ አደረገው። "ለመሆኑ ዘበኝነት ምን አለው? እዚያም የለመድከው ንባብ ነው።"

"ምን አነባለሁ?"

"የመኪና ታርጋ!" ብሎ በራሱ ቀልድ ከልቡ ሳቀ።

ሲገቡ ሚስትየው ጭልፋ ይዛ ድስቱ ላይ ቆማለች። ጉንጯ ቀልቷል።

"እስቲ ድገመው" አለችው ባሏን፣ ወንድሟን በቅጡ ሰላም ሳትል።

"ለካሁት እኮ።"

"ሳታማስል ነዋ የለካኸው! ወፍራሙ ከሥር ተኝቶ ቀጭኑን ከላይ ቀድተህ። አሁን በደንብ አማስዬዋለሁ።"

ቆጣሪው ብርጭቆውን ቀዳ። እምነት ኖሮት ሳይሆን እንቢ የሚልበት ጉልበት ስላልነበረው ነው። መለኪያውን ጣለው፣ አነበበው፣ ሒሳቡን መታ። ዐይኑን ማመን አቃተው።

"ሰማንያ አንድ" አለ።

"ሰማንያ አንድ!" ሚስትየው ጮኸች። ቆጣሪው ከነጭልፋዋ አቀፋት፤ ግንባሯንም ሳማት። ለካስ ማማሰል ብቻ ነበር የጎደለው!

"እኔም በዐይኔ ልየው" አለ ወንድምየው። ብርጭቆውን ያዘና "ወይኔ ጣቴን!" ብሎ ቀዝቃዛ ውሃ የተሞላ ሳፋ ውስጥ አቆመው። "ይብረድ እስቲ።"

ሦስቱም ሳፋው ላይ አጎነበሱ። መለኪያው ማንም ሳይነካው ቀስ እያለ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ።

"ኧረ እየወጣ ነው!" አለ ወንድምየው እንደ ኳስ ተመልካች። "ውጣ! በርታ! አሁንስ ስንት ነው?"

"ዘጠና" አለ ቆጣሪው። ሳቁ ከፊቱ ላይ እየሸሸ ነበር። ቆየት ብሎም፣ "መቶ አራት።"

"ከመቶ መቶ አራት! እኔ በተማሪነቴም ከመቶ በላይ ያመጣ ሰው አላየሁ! አራቷ ምርቃት ናት ማለት ነው?"

ቆጣሪው ዐይኑን ከመለኪያው አልነቀለም። ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ገብቶት ነበር። አንደኛው፣ ትኩስ ውሃ መለኪያውን እንደሚያታልለው፤ ሲሞቅ ያሰምጠዋል፣ እውነቱን የሚናገረው ሲበርድ ነው። የመጀመሪያው አርባ አምስት፣ አርባ አምስት አልነበረም። ሁለተኛው፣ የትኛውም እህል በውስጡ ካለው በላይ ስኳር አይሰጥም። ቀና ሲል የቤቱ የስኳር ቆርቆሮ ክዳኑ እንደተከፈተ ከኋላው ካለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል።

የወንድምየው ስልክ ጮኸ። ለማነጋገር ወደ ኮሪደሩ ወጣ።

"ስንት ጨመርሽበት?" አለ ቆጣሪው በሹክሹክታ።

"ምኑን?"

"አንቺ!"

ሚስትየው ጭልፋውን አስቀመጠች። "ስኳር ነው የጎደለው አልክ። እኔም ስኳር ጨመርኩ።"

"ስንት?"

"ምኑን ለካሁት! ገለበጥኩት እንጂ።"

"ቆርቆሮው ምን ያህል ነበረበት?"

"ግማሽ... ከግማሽም ይበልጥ ይሆናል። ጎረቤታችንም ከሱ ወስዳለች። እኔ እንጃ።" ዐይኗ እንባ አቀረረ። "እዚያ ቤት ተመልሼ መግባት አልፈልግም።"

ሊቆጣት ፈለገ፤ ቁጣው አልመጣ አለው።

"ሰባ ሞልቶ የነበረ ይሆናል" አለ። "ትኩስ ስለነበረ ነው የሰመጠው።"

"መቼ? ቅድም?"

"ቅድም። ምናልባትም ስድሳ ነበር።"

"እና አሁን በምን እናውቃለን?"

"አናውቅም።"

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። ይህች ሴት ግን በብብቷ ምን ይዛ እንደነበር እንኳ ሳታውቅ ነው የጣለችው፤ ያውም ለባሏ ስትል። ሌላ ከረጢት ብቅል ገዝቶ ሌላ ቀን መሞከር ቢቻል ኖሮ ነገሩ ሳቅ ሆኖ ባለፈ ነበር። መግዣ የለም፤ ዘበኛ ፈላጊውም ሌላ ቀን አይጠብቅም። ቆጣሪው ዝም ብዬ ልመን፣ ሰባ ነበር ልበል ብሎ ሐሳቡን ወዲያና ወዲህ አገላበጠው። ስድሳ ከነበረስ? ቢራውም ያከስራል፣ የመጋዘኑም በር ይዘጋል፤ ያኔ የሷ መርፌ ብቻዋን የት ታደርሳቸዋለች? በማያውቀው ቁጥር ቤት አይቆምም።

ወንድምየው ስልኩን በእጁ እንደያዘ ተመለሰ።

"ያ ልጅ ነው። መስመር ላይ ነው። ና ልበለው አይደል? መቼም ከመቶ በላይ ያመጣ ሰው ዘበኛ አድርጌ በር ላይ አላቆምም!"

ሚስትየው ባሏን አየችው። እውነቱን ቢናገር ታሪኩ ዕድሜ ልኳን በየማዕዱ እንደሚነሣ፣ በወንድሟ ልጆችና በእንግዳ ፊት "እህቴ እኮ ስኳር ገለበጠችበት" እየተባለ እንደሚሳቅባት ሁለቱም ያውቃሉ።

"አይ ጋሼ፣ አትጥራው" አለ ቆጣሪው።

"ለምን?"

"ተሳስቼ ነው ያነበብኩት።"

"አንተ?"

"እኔ። መሥመሩን አሳስቼ ነው። ሰባም አልሞላ። ሰኞ እንመጣለን።"

ወንድምየው ሆዱን ይዞ መሳቅ ጀመረ። "ቆጣሪው ማንበብ ተሳሳተ! ይችንማ ለሰው ሁሉ ነው የምናገራት!"

"ተናገር፣ ጋሼ" አለ ቆጣሪው፤ እጁንም ወደ ኋላ ሰድዶ የስኳሩን ቆርቆሮ ከደነው።