«በሞቴ» የማይል ቺንጋ

ነጋዴው ነዚፍ ከአሮጌ ወፍጮ የፈታውን ቺንጋ፣ ያንን ረጅም የጎማ ቀበቶ፣ መቱ ከተማ ባለው ሻይ ቤቱ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። እሱ ጓዳ ሆኖ መዘውሩን ሲያዞር ምግብ የያዙት ሳህኖች በእንግዶቹ ፊት እየተከታተሉ ያልፋሉ፤ የወደዱትን አንስቶ መብላት ነው።

አቶ ደበሳ ይህን ጉድ ሊያዩ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ዋሪቱ ጋር ከሁሩሙ ሲመጡ ቁርስ እንኳ አልቀመሱም። ዳሩ ግን ጨዋ ናቸው፤ ጨዋ ደግሞ ሳይለመን አይጎርስም። የምስር ሳምቡሳው ሲደርስ እንደ ወጉ «ኧረ በቃኝ!» አሉት። ሳምቡሳው አለፈ። ጮርናቄውንም ለስለስ አድርገው እምቢ አሉት፤ እሱም አለፈ። ማር የተቀባው ቂጣ ሲመጣማ ዐይን ዐይኑን አዩት። ምን ያለው ባለጌ ቺንጋ ነው፣ አንዴ እንኳ «በሞቴ» አይልም!

ወይዘሮ ዋሪቱ ግን የመጣውን ሁሉ ያነሳሉ።

በመጨረሻ ነዚፍ ከጓዳ ብቅ አለ። «ጋሼ ደበሳ፣ ምነው ምንም አልበሉም? በሞቴ ይቅመሱ!»

አቶ ደበሳ እፎይ አሉ፤ አፋቸው ግን እንደ ልማዱ ቀደማቸው። «ኧረ ጠግቤያለሁ!»

ነዚፍ ደግሞ ሊለምን ሲል ወይዘሮ ዋሪቱ የመጨረሻውን ቂጣ ወደ ራሳቸው ሳቡ።

«ተዋቸው ልጄ፣ ጋሼህ ጨዋ ናቸው፤ ጨዋ ደግሞ አይዋሽም።»