አስተያየት የተከለከለች አክስት

አክስትየው ዕድሜዋን ሙሉ አስተያየት ሳትሰጥ ያለፈችው ነገር የለም፤ የጎረቤት መጋረጃ፣ የሐኪሙ ጫማ፣ ምኑ ቅጡ! ዛሬ ግን የመከላከያ ምስክር ሆና ቆማለች። እንደ ልጇ ያሳደገችው የእህቷ ልጅ፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ የልብስ ሰፊውን ማሽን ሰርቀሃል ተብሎ ተከሷል። ራሱ ላይ ምንም ያላደረገ ሌባ ሲሮጥ ከጀርባው ያየ መንገደኛ «እሱን ይመስላል» ብሏል።

«ማሽኑ በተሰረቀበት ምሽት እኔ ቤት ነበር» አለች።

«መሃል ላይ ወጥቶ ቢመለስስ?» አለ ዐቃቤ ሕጉ።

«አይወጣም! ሆደ ቡቡ ነው፤ እንኳን ሊሰርቅ የሰረቀ ሰው ሲመታ ያለቅሳል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ያ መንገደኛ ዓይኑን ይታይ!»

ዳኛዋ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «እናቴ፣ ይሄ አስተያየት ነው። ያዩትን ይንገሩን። እንደማይወጣ በምን አወቁ?»

አክስትየው ወደ ተከሳሹ ዞር አለች። ላትናገር ምላለታለች፤ በተለይ እጮኛው እንዳትሰማ። እጮኛው ደግሞ ከኋላ ወንበር ላይ ዓይኗ ቀልቶ ተቀምጣለች። ያን ምሽት አክስቱ ቤት ድረስ ፈልጋው መጥታ «የለም» ተብላ ስለተመለሰች፣ ሌባው እሱ ቢሆንስ እያለች ስትብሰለሰል ከርማለች። ተከሳሹ ደግሞ ከእስር ይልቅ ምስጢሩ መውጣቱን ፈርቶ በዓይኑ ይለማመጣል። ይሄ ጅል! አለች አክስትየው በሆዷ።

«ሽበቱን ሊደብቅ ቀለም ተቀብቶ፣ ፌስታል ራሱ ላይ አስሮ፣ ኩሽናዬ ተቀምጦ ነበር! ፀጉር ቤቱ ውስጥ እንዳይቀባ ደንበኞቹን አፍሮ! ቀለሙ በጆሮው ላይ ይወርዳል። እንኳን መንገድ ሊወጣ፣ ይቺ ልጅ በሩን ስታንኳኳ አልጋ ሥር ነው የገባው። የለም ብዬ የመለስኳትም እኔ ነኝ።»

ችሎቱ በሳቅ ፈነዳ። ዳኛዋ ጠረጴዛውን መቱ፤ እሳቸውም ከንፈራቸውን ነክሰው ነበር።

«ቀለም መሆኑን በምን አወቁ?» አለ ዐቃቤ ሕጉ ተስፋ ሳይቆርጥ። «ይሄም አስተያየት እንዳይሆን።»

«ቀቢዋ እኔ ነኛ!»

ከሰዓት በኋላ በነጻ ተሰናበተ። በረንዳው ላይ እጮኛው እየሳቀች፣ እያለቀሰች፣ እስር ቤት የተላጨውን ራሱን ዳበሰችው።

«ሽበትህን እኮ የተዋወቅን ዕለት ነው ያየሁት። ወድጄው ነበር። አሁን የት አባቴ ላግኘው?»

«ይበቅላል» አላት፣ እስከ ጆሮው ቀልቶ።

አክስትየው ወደ ተከላካይ ጠበቃው ዞረች። «አሁንስ አስተያየት ይፈቀዳል?»

«እንደ ልብዎ!»

«አንቺ ልጅ፣ እንዲህ ያለ ቂል ስለምታገቢ አዝንልሻለሁ» አለችና ሁለቱንም ጭምቅ አድርጋ አቅፋ ተንሰቀሰቀች።