የሞምባሳው ነጋዴ ቡችላ

መርካቶ ውስጥ ሰው ሳል ሲጀምረው ጎረቤቱ ከእሱ ቀድሞ ይሰማል። ከሞምባሳ የመጣው ነጋዴ ሙናዊርን ሽማግሌ ፊት ከሰሰው የሚለው ወሬም ቅመም ተራን ለማዳረስ አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀበትም። "ሙናዊር? ሙናዊር ሚዛኑ?" አለ የሰማ ሁሉ። ሚዛኑ የተባለው በከንቱ አልነበረም። ሠላሳ ዓመት ኮረሪማ ሲሸጥ ከሱቁ የወጣ ጆንያ ተመልሶ አያውቅም። "ስም ከመቃብር በላይ ይውላል" ማለት ይወዳል፤ ልጁ ናኢማ ይህን ተረት የተማረችው ከፊደል ቀድማ ነው።

ጊዜው ደርግ ከወደቀ ስድስት ሰባት ዓመቱ ነው፤ ንግዱ ተከፍቶ ከጎረቤት አገር ገዢ የሚመጣበት። የሞምባሳው ሰው አርባ ጆንያ ኮረሪማ ገዝቶ፣ ከመጫኑ በፊት አንዱን ማደሪያው ውስጥ ቢገለብጠው ከላይ ሽታው የሚያውድ አዲስ ምርት፣ ከሥር ግን ፍሬ አልባ ገለባ አገኘ። ፖሊስ ጣቢያ አልሄደም። የተራውን ወግ የነገረው ሰው ነበርና ሽማግሌ ጠየቀ። ወጉ አጭር ነው። ሻጩ ካጠፋ በተራው ሰው ፊት ይቅርታ ጠይቆ ገንዘቡን ይመልሳል። ከሳሹ ስም ለማጥፋት የመጣ ከሆነ ግን ባዶ እጁን ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ የሚሸጥለት የለም። ሽማግሌው ዱዓ አድርጎ ከተነሣም ነገሩ ተዘጋ ማለት ነው፣ ማንም አይከፍተውም።

ችግሩ ቋንቋ ነበር። በተራው ውስጥ "ላስት ፕራይስ" ከሚለው ያለፈ እንግሊዝኛ የምትችል ናኢማ ብቻ ናት፤ አማኑኤል አካባቢ እንግሊዝኛ ታስተምራለች። የተከሳሽ ልጅ መሆኗ ለሰውየው ሲነገረው ትንሽ አሰበና "ትማል" አለ።

"የሰማሽውን ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ" አሏት ዋናው ሽማግሌ ሀጂ ኢስሐቅ።

"ወላሂ፣ አልጨምርም፣ አልቀንስም።"

ከአራት ቀን በፊት ምሳ ልታደርስ ስትመጣ አባቷ ጓዳ ውስጥ ብቻውን ሆኖ ያለፈውን ዓመት ገለባ በባዶ ጆንያዎች ውስጥ ሲያፈስ አይታው ነበር። "እርጥበት እንዳይነካው ከሥር የሚነጠፍ ነው" አላት። አመነችው። ማመን ስለፈለገች ነው ያመነችው፤ ለአባት ሲሆን ሰው ብዙ ነገር ያምናል።

ሱቁ ውስጥ ሽማግሌዎቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ የተገለበጠው ጆንያ መሐል ላይ ተጎልቷል። ደጁን የተራው ሰው ሞልቶታል። ሰውየው እንዴት እንደገዛ፣ እንዴት እንደከፈተ ተናገረ፤ ናኢማ ተረጎመች። ተራው የሙናዊር ሆነ።

"ከእኔ እጅ የወጣው ንጹሕ ነው" አለ ሙናዊር። "መንገድ ላይ ማን እንደነካው አላህ ያውቃል።"

ይህንንም ተረጎመች። የሞምባሳው ሰው አልጮኸም። ሙናዊርን ትክ ብሎ አየና በዝግታ "ሂ ሶልድ ሚ ኤ ፐፕ" አለ።

ናኢማ አባባሉን ታውቀዋለች፤ ኮሌጅ ሳለች አንድ ሽማግሌ መምህር እየሳቁ ነው ያስተማሯቸው። እንግሊዞች ዋጋ የሌለውን ዕቃ ደህና አስመስሎ ለሸጠ አታላይ እንዲህ ይላሉ። ድሮ ጆንያውን ሳይፈታ የገዛ ሰው ቤቱ ሲደርስ ከውስጡ ቡችላ ይወጣለት ነበር ይባላል። አባባሉን አልፎ አልፎ ካልሆነ የሚጠቀምበት የለም። እዚህ ተራ ውስጥ ከእሷ በቀር የሚያውቀው እንደሌለ እርግጠኛ ናት።

"ምን አለ?" አሉ ሀጂ ኢስሐቅ።

አባቷ እያያት ነው። ግንባሩ ላይ ላብ ወጥቷል።

"ቡችላ ሸጠልኝ ነው ያለው" አለች።

ደጁ በሳቅ ፈረሰ። "ኮረሪማ ገዝቶ ቡችላ ከወጣለት፣ እኔም ነገ ቁንዶ በርበሬ ስገዛ ድመት ይወጣልኝ ይሆናል" አሉ ሁለተኛው ሽማግሌ ጋሼ ካሳ። ሀጂ ኢስሐቅ ግን አልሳቁም። "በሙስሊም ሱቅ ውሻ ተሸጠልኝ ይላል? ሊሰድበን ነው እንዴ የመጣው?" አሉና ከሌሎቹ ጋር ተንሾካሾኩ። ብዙም ሳይቆዩ ፈረዱ። ሰውየው ወይ አእምሮው ደህና አይደለም፣ ወይ የሰው ስም ሊያጠፋ መጥቷል፤ ባዶ እጁን ይሂድ።

ሰውየው የሚስቁትን ፊቶች አንድ በአንድ አየና ወደ ናኢማ ዘንበል አለ።

"ነገርሻቸው?" አላት በእንግሊዝኛ።

"ቃል በቃል።"

"አመሰግናለሁ ልጄ" አላት።

ከስድብ ይልቅ ይህ ምስጋና አንገበገባት። ሀጂ ኢስሐቅ ለዱዓ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ፤ ሱቁ ጸጥ አለ። ናኢማ አባቷን አየች፤ ትንፋሹን ውጦ ዱዓውን እየጠበቀ ነበር።

"ሀጂ፣ ይቆዩኝ" አለች። ድምጿ የራሷ አልመስል አላት። "ቃሉን እንጂ ነገሩን አልተረጎምኩም። በእነሱ አገር ቡችላ ሸጠልኝ ማለት ከላይ ደህና አስመስሎ አታለለኝ ማለት ነው። ሰውየው አልተሳደበም።"

ሀጂ ኢስሐቅ እጃቸውን አጠፉ። ሙናዊር ከመቀመጫው ተነሣ።

"መጀመሪያውኑ ታውቂው ነበር?" አላት።

"አውቀው ነበር አባባ።"

"ታዲያ የቅድሙ ውሸት ነው?"

"አይደለም። ያለው እሱኑ ነው።" እንባዋ መጣ። "ከላይ ያለው እውነት ነው።"

ሙናዊር ወደ ተገለበጠው ጆንያ ዞረና አየው፤ በአንድ በኩል ጥሩው ኮረሪማ፣ በሌላ በኩል ገለባው።

"ከላይ እውነት፣ ከሥር ገለባ" አለ ለራሱ እንደሚናገር። "ማን አስተማረሽ ልልሽ ነበር እኮ።"

ሙናዊር ቆቡን አውልቆ በእጁ ጨበጠ።

"ሀጂ፣ ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። አርባ ብዬ ቃል ገባሁ፣ ምርቱ ሠላሳ እንኳ አልሞላ አለኝ። ሙናዊር ቃሉን አጠፈ እንዳይባል ነው።" ወደ ልጁ ዞረ። "በይ ተርጉሚለት። ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ።"

ናኢማ አፏን ከፈተች፤ ስታስተምረው የኖረችው እንግሊዝኛ ግን አልመጣላት አለ። የሞምባሳው ሰው ተነሥቶ የራሱን መቀመጫ ለሙናዊር አስጠጋለትና እሷ እስክትናገር ቆሞ ጠበቃት።